ብርቅ የተባለው በሽታ

በ1972 «ላንሰት» የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያወጣው አንድ ጥናት ውስጥ ሠንጠረዥ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሠንጠረዡ የሚመዝነው በሰው ፊት የማይነሳ ነገር ነው፤ ሰገራ። የጥናቱ ተሳታፊዎች በኤክስሬይ የሚታዩ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች ይውጣሉ። ፍሬዎቹ እስኪወጡ ድረስ ሰገራቸው በከረጢት ይሰበሰባል፣ ይመዘናል፣ ኤክስሬይ ይነሳል። ውጤቱ በሰዓትና በግራም ተጽፏል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አባላትና ሚስቶቻቸው የበሉት ነገር ከሰውነታቸው ለመውጣት 83 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የቀን ሰገራቸውም 104 ግራም ይመዝናል። የኡጋንዳ ገጠር ነዋሪዎች 36 ሰዓት ገደማና 470 ግራም። በደቡብ አፍሪካ ገጠር የሚማሩ ጥቁር ልጆች 33 ሰዓት ተኩልና 275 ግራም። ከተማ የሚማሩት ደግሞ 45 ሰዓትና 165 ግራም።

ከዚህ ሠንጠረዥ ጀርባ ያለው ጥያቄ የካንሰር ጥያቄ ነበር። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር እንግሊዝ ውስጥ ይህን ያህል ሲበዛ አፍሪካ ውስጥ ለምን አይታይም?

ሠንጠረዡን ያነበብኩት በሙያዬ ምክንያት አይደለም። የማጠናው ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የምኖረውም ከጆሃንስበርግ በስተ ምሥራቅ ባለችው በጀርሚስተን ነው። ወደዚህ ጥናት የመራኝ አንድ ጎረቤቴ ነው። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ፣ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያለው፣ አርባ ያልሞላው ሰው። ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲጸዳዳ ደም ያይ ነበር። ኪንታሮት ነው ብሎ ዝም አለ። ሲብስበት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ፤ እዚያም ሳይመረመር ኪንታሮት ነው ተብሎ ቅባት ተሰጠው። በሁለተኛው ጊዜ ደፍሮ «ካንሰር ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። በእናንተ አገር ሰው ላይ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ብርቅ ነው ተባለ። ሦስተኛ ጊዜ ሌላ ቦታ ሄዶ አንጀቱ በካሜራ ሲታይ ካንሰር ተገኘ።

እኔን የያዘኝ «ብርቅ ነው» የሚለው ቃል ነው። ማን አለው? መቼ? ምን አይቶ? አንድን አባባል ይዞ እስከ መነሻው ወደ ኋላ መሄድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የለመደው ሥራ ነው። መንገዱም የፈራሁትን ያህል ሩቅ አልነበረም። አንዱ ጫፉ ኡጋንዳ ነው፤ ሌላው ጫፉ ግን ከጀርሚስተን በባቡር የሚደረስበት ቦታ ነው።

፠

የኡጋንዳው ጫፍ ዴኒስ በርኪት ይባላል። በ1911 ዛሬ ሰሜን አየርላንድ በምትባለው አገር፣ ኤኒስኪለን ከተማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ አንድ ዓይኑን በአደጋ አጣ፤ ይህ ግን ቀዶ ሐኪም ከመሆን አላገደውም። በ1946 ወደ ኡጋንዳ ሄዶ መጀመሪያ ሊራ በምትባል የገጠር ከተማ፣ ኋላም ካምፓላ ውስጥ በሙላጎ ሆስፒታል ሠራ። በ1958 በአፍሪካ ሕፃናት መንጋጋ ላይ ስለሚወጣ አንድ ዕጢ ጽፎ አሳተመ፤ ያ ዕጢ ዛሬ በዓለም ሁሉ «የበርኪት ሊምፎማ» ይባላል።

በርኪት ላቦራቶሪ የሚያዘወትር ተመራማሪ አልነበረም። ዘዴው መጠየቅና ካርታ ላይ ነጥብ ማድረግ ነበር። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአንድ አሮጌ ፎርድ መኪና ከኡጋንዳ ተነስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወረደ፤ አሥር ሳምንት፣ 10,000 ማይል ያህል። በየደረሰበት ሆስፒታል የታመሙ ሕፃናትን ፎቶግራፍ እያወጣ ሐኪሞቹን ይህን አይተው እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ያዩበትን ቦታና ያላዩበትን ቦታ ለየ። ዕጢው የሚገኝበት ቀበቶ በአፍሪካ ካርታ ላይ የተሠራው እንዲህ በመጠየቅ ነው።

በስልሳዎቹ አጋማሽ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በ1967 ክሊቭ ከተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም ጋር ተዋወቀ። ክሊቭ የነጣው ዱቄትና ስኳር የብዙ በሽታዎች ሥር ነው እያለ ለዓመታት ሲጽፍ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። በርኪት ሰማው። የለመደውንም ዘዴ አወጣ፤ በአፍሪካ ለሚገኙ 150 ያህል የሚሲዮን ሆስፒታሎች በየወሩ መጠይቅ እየላከ ምን እንዳዩና ምን እንዳላዩ ጠየቀ። በ1971 ስለ ትልቁ አንጀትና ስለ ፊንጢጣ ካንሰር ሥርጭት የጻፈው ጥናት «ካንሰር» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወጣ።

ሐሳቡ ሲቀል እንዲህ ነው። አሰር የበዛበት ምግብ ሰገራን ያበዛል፣ ያለሰልሳል፣ ጉዞውንም ያፋጥናል። አሰር ያነሰው ምግብ ግን ጥቂትና ደረቅ ሰገራ ሆኖ አንጀት ውስጥ ይቆያል። በቆየ ቁጥር ባክቴሪያዎች የሐሞትን ጨው ወደ ጎጂ ነገር የሚለውጡበት ጊዜ ያገኛሉ። ያ ጎጂ ነገርም በጥቂቱ ሰገራ ውስጥ ተጠራቅሞ የአንጀትን ግድግዳ ረዘም ላለ ሰዓት ይነካል። በርኪት ካንሰሩን ብቻውን አላየውም፤ ትርፍ አንጀት፣ የአንጀት ግድግዳ መወጠርና መቦርቀቅ፣ ፖሊፕ የሚባሉት ትናንሽ እበጦች፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ የሚበዙና አንድ ላይ የሚያንሱ መሆናቸውን ጻፈ። በዓመቱ የላንሰቱ ሠንጠረዥ ተከተለ። እኛ አገር ለከብት የሚሰጠው ፉርሽካ በሰባዎቹ ዓመታት በእንግሊዞች የቁርስ ገበታ ላይ የተከበረ ቦታ ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ሳነበው ያስደነቀኝም ያሳሰበኝም አንድ ነገር ነው። የማስረጃው ዋና ክፍል «አላየንም» የሚል ነው። ከመቶ በላይ ሐኪሞች ከመቶ በላይ ቦታዎች ሆነው አላየንም ሲሉ ትልቅ ነገር ነው፤ በርኪት በዚህ ዘዴ ስለ ሊምፎማው እውነቱን አግኝቷል። ግን መንጋጋ ላይ የወጣ ዕጢ እናትም ጎረቤትም የሚያየው ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ የበቀለ ዕጢ ለማንም አይታይም። የሚያውቀው በሽተኛው ብቻ ነው፤ እሱም የሚያውቀው ደሙን ነው። ያንን ደግሞ ለሚሲዮን ሐኪም፣ በአስተርጓሚ አፍ፣ ለመናገር የሚደፍር ስንቱ ነው? ያልታየ ነገርና የሌለ ነገር በጥናቱ ውስጥ አንድ ዓምድ ውስጥ ገብተዋል።

፠

ሌላው ጫፍ ጆሃንስበርግ ነው። የላንሰቱን ጥናት ከበርኪትና ኒል ፔይንተር ከተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ጋር የጻፈው አሌክ ዎከር የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያ ነበር። ዎከር ሐኪም ሳይሆን የባዮኬሚስትሪ ሰው ነው። የምግብ ልማድ መለወጥ በአንጀት እንቅስቃሴ ላይ ምን እንደሚያመጣ በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት የጻፈው በ1947 ነው፤ በርኪት ስለ አሰር ከማሰቡ ሃያ ዓመት በፊት ማለት ነው።

ዎከር ይሠራበት የነበረው ኢንስቲትዩት የተመሠረተው በ1912 ነው። መሥራቾቹ መንግሥትና የወርቅ ማዕድን ኩባንያዎች ናቸው። ምክንያቱም ሳንባ ምች ነበር፤ ከሰሜን፣ ከሞቃታማው አገር እየተመለመሉ የሚመጡ ሠራተኞች በጉድጓዱና በካምፑ ውስጥ እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ወርቁ ያለ ሠራተኛ አይወጣም፤ ሠራተኛው ደግሞ ሞተ። ምርምሩ የተጀመረው በዚህ ሒሳብ ነው። እኔ የምኖርባት ጀርሚስተን የዚያው ወርቅ ልጅ ናት። ስሟን ያወጣላት ጆን ጃክ የተባለ ወርቅ ፈላጊ ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ በተወለደበት እርሻ ስም። በ1920 የተቋቋመው ራንድ ሪፋይነሪ ከመላው ሪፍ የሚመጣውን ወርቅ የሚያነጥረው እዚህ ነው።

በዚህ ኢንስቲትዩት ውስጥ ጆን ሂጊንሰንና ጆርጅ ኦትሌ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ1953 እስከ 1955 የካንሰር ቆጠራ አካሄዱ፤ ውጤቱ በ1960 ታተመ። ከሚሲዮን ሐኪም ትዝታ የተሻለ ሥራ ነው። በሽተኞቹን ከሆስፒታሉ በር ላይ ብቻ ከመቁጠር አልፈው በከተማው ሕዝብ ብዛትና ዕድሜ ሊያካፍሉ ሞክረዋል። እነሱም በጥቁሮቹ ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር በጣም አነስተኛ መሆኑን አገኙ። ሂጊንሰን በ1966 የዓለም ጤና ድርጅት ሊዮን ከተማ ላቋቋመው የካንሰር ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ካንሰር በአብዛኛው ከአኗኗርና ከአካባቢ ይመጣል የሚለው ሐሳብ ወደ ዓለም አቀፉ መድረክ ሲወጣ ከጆሃንስበርግ የተቆጠረ ቁጥር ይዞ ነበር።

ይህን ቁጥር ሳነብ ግን በዚያን ጊዜ ጆሃንስበርግ ማን መኖር ይችል እንደነበር አስባለሁ። በ1952 የወጣው ሕግ የጥቁርን ሰው የከተማ መኖሪያ መብት በተወለደበት ቦታ፣ በሠራበትና በኖረበት ዓመት ብዛት ላይ ያንጠለጠለ ነበር። ለማዕድን ሥራ የሚመለመለው ወጣትና ጤነኛ ወንድ ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ወይም አቅሙ ሲደክም ወደ መጣበት ይሄዳል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ በሽታ ነው። አንዳንዱ ሰው ከመታመሙ በፊት፣ አንዳንዱም ታሞ ሳይመረመር፣ ወደ ሞዛምቢክ ወይም ወደ ሌሶቶ ወይም ወደ ትራንስካይ ተመልሶ ሞቷል ብሎ ማሰብ ከባድ አይደለም። መቃብሩ በማንም መዝገብ የለም።

ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ በመዝገብ ጉድለት ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ይህን የምለው ለራሴም ነው፤ ስጀምር እንዲያ ብዬ ለመደምደም ቸኩዬ ነበርና። ኢሲዶር ሲጋል የተባለው የአንጀት ሐኪም ሶዌቶ በሚገኘው በባራግዋናት ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ባራግዋናት ግዙፍ ሆስፒታል ነው፤ መሣሪያውም ባለሙያውም ነበረው። ሲጋል በ2001 ባሳተመው ጥናት የከተማው ጥቁር ሕዝብ አመጋገቡ ተለውጦ እንኳ እነዚህ በሽታዎች ገና አነስተኛ ሆነው መቆየታቸውን ጻፈ። በርኪት የሌለ ነገር አላየም። ልዩነቱ እውነት ነበር። የተሳሳተው ከልዩነቱ በኋላ የመጣው ነገር ነው።

፠

መጀመሪያ የተንገዳገደው ማብራሪያው ነው። በ2000 ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ጥናቶች በአንድ ቀን ታተሙ፤ ፖሊፕ የወጣላቸው ሰዎች አሰር የበዛበት ምግብ ወይም ፉርሽካ ለዓመታት ቢመገቡም ፖሊፑ ተመልሶ ከመውጣት አልቀነሰም። የበርኪት ሐሳብ ሞተ ተባለ። በ2003 ደግሞ ከአሥር የአውሮፓ አገሮች ግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አሰር በብዛት የሚበሉት በበሽታው የሚያዙት ባነሰ ቁጥር መሆኑን አሳየ። ሐሳቡ ተነሣ።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ነገሩ እንደታሰበው አልሆነም። ስቲቨን ኦኪፍና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት የጥቁሮቹ ምግብ ያን ያህል አሰር የበዛበት አለመሆኑን አገኙ። ዋናው ምግብ ፓፕ ነው፤ ፓፕ የሚሠራበት የበቆሎ ዱቄት ደግሞ በፋብሪካ ከነጣ ቆይቷል። በሽታው ያነሰው ሥጋና ስብ ስላነሰ ይሆን? ሲጋልና ሌሎች ደግሞ ወደ ፓፑ ራሱ ተመለሱ። ፓፕ አድሮ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ ከፊሉ በትንሹ አንጀት የማይፈጭ ይሆናል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚያም የአንጀትን ሕዋሳት የሚመግብ ቡቲሬት የተባለ ነገር ይወጣል። አሰር የሚባለው ገለባ ብቻ ሳይሆን ያደረ ገንፎም ሥራ እየሠራ ነበር ማለት ነው።

በ2015 ኦኪፍና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ሞከሩ። ከፒትስበርግ 20 ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከደቡብ አፍሪካ ገጠር 20 ሰዎች መረጡ። በጥናቱ ውስጥ እንደተጠቀሰው በሽታው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከ100,000 ሰው 65 ያህል ሲሆን በደቡብ አፍሪካ ገጠር ከ5 በታች ነው። ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትንና ስብ ያነሰበትን የአፍሪካ ምግብ፣ አፍሪካውያኑ ሥጋና ስብ የበዛበትን የአሜሪካ ምግብ በሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንጀታቸው ባክቴሪያዎች ሥራ፣ የቡቲሬቱ መጠን፣ ከካንሰር ሥጋት ጋር የሚያያዙ የአንጀት ግድግዳ ምልክቶች በሁለቱም ወገን ተለወጡ፤ አሜሪካውያኑ ወደ ደህናው፣ አፍሪካውያኑ ወደ መጥፎው።

ይህ ጥናት በርኪትን በከፊል ያጸድቀዋል። «ብርቅ ነው» የሚለውን አባባል ግን ከሥሩ ይነቅለዋል። በርኪት ያየው ልዩነት በአፍሪካዊ አካል ውስጥ ያለ ነገር አልነበረም፤ በገበታ ላይ ያለ ነገር ነው። ገበታ ደግሞ ይለወጣል። የላንሰቱ ሠንጠረዥ ራሱ ይህን ይናገር ነበር፤ የገጠሩ ልጅ 33 ሰዓት ተኩል፣ የከተማው ልጅ 45። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም የአንድ አገር ልጆች። ሠንጠረዡን የጠቀሱት ሰዎች ግን ዓይናቸው ያረፈው ከላይኛውና ከታችኛው መስመር ላይ ነው፤ እንግሊዛዊና አፍሪካዊ። የመሃሉን መስመር፣ እየተለወጠ ያለውን ሰው፣ ያነበበው ጥቂት ነው። ጎረቤቴ ያለው በዚያ የመሃል መስመር ላይ ነው። ሆሳዕና ቆጮና ጎመን በልቶ አደገ። እዚህ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተዘግቶበት ነጭ ዳቦ በለስላሳ ይበላል፣ ማታ ሥጋ ይጠብሳል።

፠

አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጽሔት ወደ ክሊኒክ ሲወርድ ትርጉሙ ይለወጣል። በመጽሔቱ ላይ «ከ100,000 ሰው ይህን ያህል» የሚል ነበር። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ሲደርስ «በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ ነው» ሆነ። የምርመራ ክፍል ሲደርስ «ይህ ሰው የለውም» ሆነ። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ከ100,000 ሰው 5 ብርቅ ሊሆን ይችላል፤ ለአምስቱ ግን ብርቅ አይደለም።

የጆሃንስበርግ ተመራማሪዎች ይህን ካዩት ቆይተዋል። በ2009 በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ጥቁር ታካሚዎች ከሌሎቹ ይልቅ በወጣትነታቸው እንደሚያዙ፣ ብዙዎቹም ከ50 ዓመት በታች እንደሆኑ አሳይቶ በዘር የሚወረስ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ጠቆመ። እርግጥ ሕዝቡ ወጣት በሆነበት አገር ታካሚውም ወጣት ይሆናል፤ ከፊሉን ቁጥሩ ራሱ ይፈታዋል። ግን ለሐኪሙ የሚሰጠው ትምህርት አይለወጥም፤ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው በዕድሜውና በቆዳው አይቶ ሊያሰናብተው አይችልም።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2011 ነው፤ ከሂጊንሰንና ከኦትሌ ቆጠራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ። መዝገቡ ሲከፈት የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ከፊተኞቹ ተርታ ተገኘ። ከምዝገባው በፊት ብርቅ ነበር ወይስ አልተቆጠረም? ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ሳይሆኑ አይቀሩም። የኢትዮጵያ ሐኪሞች የሚያሳትሟቸው ጥናቶች ደግሞ በተደጋጋሚ የሚሉት ሁለት ነገር ነው፤ ታካሚዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ የሚመጡትም ዘግይተው ነው። በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የጨረር ሕክምና ለሃያ ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ ነበር። ለወረፋ ወራት በሚጠበቅበት አገር ዘግይቶ መምጣት ማለት ሁለት ጊዜ መዘግየት ነው።

ለምን ይዘገያል? ድህነት አለ፣ ርቀት አለ፣ ጸበልና የባህል መድኃኒት አለ። አንዱ ግን ቋንቋ ነው፤ ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ስለሆነ ልናገር። አማርኛ ስሜቱን ሁሉ የሚያኖረው አንጀት ውስጥ ነው። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፤ ስንራራ አንጀታችን ይንሰፈሰፋል፤ የወደድነው ሰው አንጀታችንን ይበላል፤ ደግ ነገር የሠራልን አንጀታችንን ያርሳል። ስለ አንጀት ይህን ያህል የሚናገር ቋንቋ አንጀት ሲታመም ግን ቃል ያጥረዋል። ከወገብ በታች ያለ ሕመም ሁሉ «ኪንታሮት» ነው። ሌላው ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ነው።

ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይበሉ ነበር፤ ስለዚህም በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው አይደበቅም። ጌታው ቢጠራው «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ይላል፤ ምክንያቱ ይከበርለታል፣ ቀኑን ያርፋል። ትሉ ወጣ አልወጣም ብሎ መጠየቅም ነውር አልነበረም። የሆድ ዕቃን ነገር በግልጽ የሚነጋገር፣ የወጣውን የሚመረምር፣ ለዚያም ቀን የሚሰጥ ማኅበረሰብ ነበረን ማለት ነው። ክኒን መጣና ኮሶ ቀረ፤ ደህና ሆነ። ከኮሶው ጋር ግን ንግግሩም ቀረ።

በምትኩ የመጣው የኩራት ንግግር ነው። ጤፍ አሰር አለው፣ እንጀራ የቦካ ነው፣ ጾም እንጾማለን፤ ስለዚህ ይህ የፈረንጅ በሽታ አይነካንም። ይህን ከወገኖቼ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ምስርና ሽሮ ጥሩ ምግብ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋምም በ2015 የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር ያመጣል፣ ቀይ ሥጋም ሳያመጣ አይቀርም ብሎ ፈርጇል። ነገር ግን እንጀራ ክትባት አይደለም። ሳናውቀው የምንደግመው በርኪት ስለ አፍሪካዊው የተናገረውን ነው፤ ውዳሴ ስለሆነ ደስ አለን። በሰባዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ ገበታ ላይ ያስፈለገው አፍሪካዊ በአሰሩ የሚመሰገን፣ እንግሊዞች ያጡትን የሚያስታውስ ሰው ነበር። ያ አፍሪካዊ አይታመምም። ስለማይታመምም ማንም አይመረምረውም።

በርኪት በ1993 ሞተ። ጠማማ ሰው አልነበረም፤ ሙላጎ ውስጥ የቀደዳቸውንና ያዳናቸውን ልጆች የሚያስታውስ ሰው ነው። ከእሱ መማር ያለብን መልሱን ሳይሆን ዘዴውን ይመስለኛል፤ እየዞሩ መጠየቅ። በሰገራ ላይ ደም ማየት፣ ሳምንታት የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስና መክሳት፣ እነዚህ በየትኛውም ዕድሜ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። አባቱ ወይም እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ደግሞ ምልክት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። አሜሪካ ያላችሁ፣ ምልክት ለሌለው ሰው ምርመራ የሚጀመርበት ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 ወርዷል። በጊዜ ከተገኘ የሚድን በሽታ ነው፤ ፖሊፕ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ተቆርጦ ይወጣል።

ጎረቤቴ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አሁን ኬሞቴራፒ ላይ ነው፤ ሱቁን ወንድሙ ይዞለታል። ደህና በሆነ ቀን መጥቶ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ ከሌላ ሎኬሽን ዕቃ ሊካፈል የመጣ አንድ የአገሩ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ሠላሳ ቢሞላው ነው። ስለ ሥራ ሲያወሩ ቆዩና ጎረቤቴ ድምፁን ሳይቀንስ ጠየቀው።

«ስማ፣ ስትጸዳዳ ደም አይተህ ታውቃለህ?»

ልጁ ወደ እኔ አየ፣ አፈረ፣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ወደ ውስጥ ገብቶ ከጎኑ ተቀመጠ።